የቅዱስ ያሬድ ታሪክ፤ ስለ ሕዋሳትና ስለ ልብ ትጋት

የሰው አካል አምስት በሮች ያሉት ከተማ ይመስላል። በሮቹም ዓይን፥ ዦሮ፥ አፍንጫ፥ ምላስና ቆዳ ናቸው። በውጭ ያለው ነገር ሁሉ፥ ብርሃንም ቢሆን ድምፅም ቢሆን፥ ሽታና ጣዕምም፥ ሙቀትና ብርድም፥ በእነዚህ በሮች ይገባል። ነገር ግን የገባው መልእክት በበሩ ላይ ቆሞ አይቀርም፤ ነርቭ በሚባሉ ስስ የስሜት ክሮች ተጕዞ ወደ አንጎል ይደርሳል። አንጎልም እንደ ዳኛ ሆኖ የመጣውን ይመረምራል፥ ቀድሞ ከሚያውቀው ጋራ ያስተያያል፥ ከዚያም በኋላ ይፈርዳል። እንግዲህ ዓይን ብርሃንን፥ ዦሮም ድምፅን ይቀበላል እንጂ፥ የሚያስተውለው አንጎል ነው። ይህን ነገር አጥርቶ የሚያሳይ በኢትዮጵያ የታወቀ አንድ ታሪክ አለ፤ እርሱም የማሕሌታዊው የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት እንደሚተርኩት ያሬድ በአክሱም ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ አብዩድ፥ እናቱም ታውክልያ ይባሉ ነበር። አባቱ በሕፃንነቱ ስለ ሞተበት፥ እናቱ ለአጎቱ ለመምህር ጌዴዎን ሰጠችው። ጌዴዎን በአክሱም ጽዮን መጻሕፍትን የሚያስተምር ሊቅ ነበረ። ብላቴናው ግን ትምህርት አልገባው አለ። ባልንጀሮቹ መዝሙረ ዳዊትን ሲወጡ እርሱ ከመነሻው ላይ ቀረ፤ ዛሬ የሰማውን ነገ ይረሳው ነበር። ባልንጀሮቹ ዘበቱበት፤ መምህሩም ተቈጥቶ በአለንጋ ገረፈው። ያሬድም መገረፉ ቢበዛበት፥ ትምህርቱንም መምህሩንም ትቶ ከአክሱም ወጥቶ ሸሸ።

ማይ ኪራህ ከሚባል ውሃ አጠገብ በደረሰ ጊዜ ደክሞት ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። በዚያም አንድ ትል ወደ ዛፉ ለመውጣት ሲታገል አየ። ትሉ ጥቂት ይወጣና ይወድቃል፥ ደግሞም ይወጣና ይወድቃል። ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ከዛፉ ላይ ወጣ፥ የሚፈልገውንም በላ። ያሬድም ይህን ባየ ጊዜ አለቀሰ። ይህ ታናሽ ፍጥረት ለሆዱ ይህን ያህል ከታገሠ፥ እኔ ለነፍሴ ትምህርት መገረፍን እንዴት አልታገሥም ብሎ በልቡ ዐሰበ።

በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው ብዙ ነው፤ ትሉንም ያየ ሰው አይጠፋም። ያሬድ ያየው ግን ሌላው ያላየውን ነው። የዓይን ሥራ በሁሉ ዘንድ አንድ ነው፤ ብርሃን በዓይን ብሌን ገብቶ በውስጥ ባለው ጠባብ መጋረጃ ላይ ሥዕል ይሥላል። ሥዕሉም ተገልብጦ፥ ራሱ ወደ ታች እግሩ ወደ ላይ ሆኖ የሚወድቅ ነው። ከዚያ ከአንዱ ዓይን ብቻ 1 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ክሮች ወሬውን ይዘው ወደ ኋለኛው የአንጎል ክፍል ይሄዳሉ። አንጎልም ይህን ሁሉ አስተካክሎ፥ ይህ ዛፍ ነው፥ ይህም ትል ነው ብሎ ይለያል። ነገር ግን ብዙው ነገር ሳይመረመር ያልፋል፤ ልብ የሚቀረው ሰው ልቡን የሰጠበት ነገር ነውና። ያሬድ በዚያች ሰዓት ውድቀቱን እያሰበ ስለ ተቀመጠ፥ የትሉ መውደቅና መነሣት ለእርሱ መልስ ሆነለት።

ያሬድም ተመልሶ በአጎቱ እግር ላይ ወድቆ ይቅርታ ለመነ። ጌዴዎንም በደስታ ተቀበለው። ከዚያ ወዲያ ልቡናው በራለት፤ መዝሙረ ዳዊትን፥ ብሉይና ሐዲስንም በጥቂት ጊዜ ዐወቀ። ዲቁናም ተቀበለ። ጌዴዎን በሞተ ጊዜም ገና ወጣት ሳለ በመምህሩ ወንበር ተቀምጦ ያስተምር ጀመረ። ያ ትምህርት አይገባውም የተባለው ብላቴና መምህር ሆነ።

በዚያ ዘመን በቤተ ክርስቲያን ጸሎቱ የሚጸለየው በለሆሳስ ነበረ፤ ከፍ ባለ ዜማ የሚዜም ማሕሌት አልነበረም ይባላል። እግዚአብሔርም ሦስት አዕዋፍን ከገነት ላከለት። እነርሱም በሰው አንደበት ተናገሩት፤ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌምም ተነጥቆ የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ማሕሌት ሰማ። በተመለሰ ጊዜ ወደ አክሱም ጽዮን ገብቶ ያን የሰማውን በታላቅ ድምፅ አዜመ። ንጉሡም ሕዝቡም ሰምተው ተደነቁ። ከዚያም ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ በሚባሉ በሦስት ዜማዎች ድርሰቱን አዘጋጀ። ግዕዝ ጽኑና ቀጥ ያለ፥ ዕዝል ለስላሳ፥ አራራይ ደግሞ ቀጠን ብሎ ልብን የሚያራራ ነው። ድጓ፥ ጾመ ድጓ፥ ምዕራፍ፥ ዝማሬና መዋሥዕት የተባሉት መጻሕፍት የእርሱ ድርሰቶች ናቸው።

ይህን ሁሉ ዜማ የሚለየው ዦሮ ሥራው የሚያስደንቅ ነው። ድምፅ የአየር መንቀጥቀጥ ነው። መንቀጥቀጡ በዦሮ ቀዳዳ ገብቶ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረውን ስስ ቆዳ ይመታል። ከዚያ በኋላ መዶሻ፥ ሰንዳንና እርካብ የሚመስሉ ሦስት ታናናሽ አጥንቶች ተቀባብለው እንደ ቀንድ አውጣ ቤት ወደ ተጠመዘዘና ውሃ ወደ ሞላበት ጓዳ ያደርሱታል። በዚያም ጠጕር የሚመስሉ 15,000 ያህል ደቃቅ የስሜት ዘበኞች አሉ። በአንዱ ጫፍ ያሉት ቀጭኑን፥ በሌላው ጫፍ ያሉት ወፍራሙን ድምፅ ይቀበላሉ። ጤነኛ የልጅ ዦሮ በአንድ ሴኮንድ ከ20 ጊዜ እስከ 20,000 ጊዜ የሚንቀጠቀጠውን ድምፅ ይሰማል። ነገር ግን ይህ ግዕዝ ነው፥ ያ ዕዝል ነው ብሎ የሚለየው ዦሮ አይደለም፤ በብዙ መድገም የሠለጠነ አንጎል ነው። ስለዚህ የዜማ ተማሪ ሌሊት በጨለማ ተቀምጦ መምህሩ ያለውን እየተቀበለ ዓመታት ያሳልፋል። በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት አደራጁ። ይዘት፥ ደረት፥ ቅናት፥ ጭረት፥ ድፋት፥ ቍርጥ፥ ርክርክ፥ ሂደት የሚባሉትም ከፊደሉ በላይ ይጻፋሉ። ዓይን ምልክቱን ባየ ጊዜ አንጎል ወደ ድምፅ ይመልሰዋል፥ ጕሮሮም ያዜመዋል። እንዲህ አንዱ በር ለሁለተኛው በር ያገለግላል።

ይህን ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ከደብረ ሲና በላይ ያለው ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው፤ በታች በይፋት ቈላ ያለችው ሸዋ ሮቢት ግን ከፍታዋ 1,300 ሜትር ያህል ነው። ከጣርማ በር ጉም ውስጥ የወረደ ሰውና ከሮቢት ሐሩር የወጣ ሰው በአንድ ሰዓት በደብረ ሲና ገበያ ቢገናኙ፥ አንዱ ሙቀት ነው ብሎ ጋቢውን ያወርዳል፥ ሁለተኛው ብርድ ነው ብሎ ነጠላውን ይደርባል። አየሩ አንድ ነው፤ ቆዳቸው ግን የሚያወራው ስለ አየሩ ብቻ ሳይሆን ቀድሞ ከነበሩበት ስለ መለወጡ ነው። ደግሞ ያን ቍልቍለት ፈጥኖ የወረደ ሰው ዦሮው ይደፈናል፤ በውጭ ያለው አየር ከብዶ የዦሮውን ቆዳ ወደ ውስጥ ይገፋዋልና። ምራቁን በዋጠ ጊዜ ከጕሮሮ ወደ ዦሮ የሚሄደው ቀጭን መንገድ ይከፈትና መስማቱ ይመለሳል። በይፋት ማሽላ የሚጠብቅ ልጅም በማማው ላይ ሆኖ የነፋሱን ሹክሹክታ አያስበውም፤ የወፍ መንጋ ክንፍ ሲሰማ ግን ወንጭፉን ይዞ ይነሣል። እናትም ሌሊት ነጐድጓድ ሳያነቃት የልጇ ታናሽ ልቅሶ ያነቃታል። ዦሮ ሁሉን ይቀበላል፤ ልብ የሚሻውን ይመርጣል።

በያሬድ ሕይወት ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የታየበት ቀን ግን ሌላ ነው። ንጉሡ የዐፄ ካሌብ ልጅ ዐፄ ገብረ መስቀል ነበረ፤ የያሬድን ዜማ እጅግ ይወድ ነበር። አንድ ቀን ያሬድ በንጉሡ ፊት ቆሞ ሲያዜም፥ ንጉሡ በእጁ የያዘውን ጦር ተደግፎ ይሰማ ነበር። ልቡ በዜማው ስለ ተመሰጠ፥ ጦሩ በያሬድ እግር ላይ ተተክሎ ሳለ አላስተዋለም። ያሬድም ማዜሙን አላቋረጠም። ደሙ በምድር ላይ ፈሰሰ፤ ማሕሌቱ እስኪፈጸም ድረስ ግን የወጋውም የተወጋውም አላወቁም።

ይህ ነገር ለሚሰማው ድንቅ ነው፤ የሰውን አካል የመረመሩ ሐኪሞች ግን ከዚህ የሚቀራረብ ነገር አይተዋል። ቆዳ በተወጋ ጊዜ ሁለት ዓይነት የነርቭ ክሮች ወሬ ይዘው ይሮጣሉ። ፈጣኖቹ በአንድ ሴኮንድ 20 ሜትር ያህል፥ ዘገምተኞቹም 1 ሜትር ያህል ይሄዳሉ። ስለዚህ እሾህ የወጋው ሰው በመጀመሪያ ብልጭ የሚል ውጋት፥ ቈይቶም የሚጠዘጥዝ ሕመም ይሰማዋል። ወሬው ግን ወደ አንጎል ከመድረሱ በፊት በጀርባ አጥንት ውስጥ ያልፋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በዚያ ስፍራ እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር እንዳለ፥ አንጎልም ከላይ ትእዛዝ ልኮ በሩን ሊያጠብ እንዲችል አስረዱ። አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ቢቸርም በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጽኑ ቍስል የቈሰሉ ወታደሮችን ሲጠይቅ፥ ከአራቱ ሦስቱ ያህል የሕመም ማስታገሻ አንሻም እንዳሉት በ1946 ጽፎአል። ቍስላቸው ታናሽ አልነበረም፤ ነገር ግን ከሞት ማምለጣቸው ሕመሙን አሳነሰባቸው።

ቢሆንም ሕመም ጠላት ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። የሥጋ ደዌ የያዘው ሰው ነርቡ በበሽታው ስለሚጐዳ እጁ ሲቃጠል አይሰማውም፥ እሾህም ሲወጋው አያውቅም። ጣቶቹንና እግሮቹን ብዙ ጊዜ የሚያጠፋበት ይህ አለመሰማት ነው። በሽታው ዛሬ በመድኃኒት ይድናል፤ ነርቡ የደነዘዘበት ሰው ግን ቆዳው የማይነግረውን በዓይኑ እንዲመለከት፥ እግሩንም በየቀኑ እንዲመረምር ሐኪሞች ይመክሩታል። እንግዲህ ሕመም በበር የቆመ ታማኝ ዘበኛ ነው፤ ለጊዜው ዝም ቢልም፥ ጨርሶ ቢጠፋ ከተማው ይፈርሳል።

የገብረ መስቀልና የያሬድም ነገር ማሕሌቱ በተፈጸመ ጊዜ ተለወጠ። ንጉሡ ወደ ታች ቢመለከት የጦሩን ጫፍ በሚወደው ካህን እግር ውስጥ አየ። ደንግጦ ጦሩን ነቀለ፥ አለቀሰም። ስለ ፈሰሰው ደም ዋጋ የፈለገውን ሁሉ እንዲለምን ያሬድን አዘዘው። ያሬድም የሚለምነውን እንዳይከለክለው አስቀድሞ አስማለው። ንጉሡ በማለ ጊዜ ያሬድ ወርቅም ሹመትም አልጠየቀም፤ ዓለምን ትቶ በገዳም እንዲኖር እንዲያሰናብተው ብቻ ለመነ። ንጉሡም እጅግ ዐዘነ። ጦሩን ያላየው ዜማውን ስለ ወደደ ነው፤ ጦሩን ስላላየም የሚወደውን ዜመኛ ዐጣ። ነገር ግን መሐላውን አላፈረሰም፤ እያለቀሰ አሰናበተው።

ያሬድም ወደ ሰሜን ተራራዎች ሄደ። በዚያ ብርድና ውርጭ በጾምና በጸሎት ተጋደለ፥ ደቀ መዛሙርትንም አስተማረ። ግንቦት 11 ቀን 571 ዓ.ም. በ66 ዓመቱ ከሰው ዓይን ተሰወረ ተብሎ ይተረካል። ድምፁን የሰሙ ሁሉ አልፈዋል፤ ዜማው ግን ከዦሮ ወደ ልብ፥ ከልብም ወደ አንደበት እየተላለፈ፥ በአክሱምም በደብረ ሲናም በጸናጽልና በከበሮ ይሰማል።

ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ ልብ አድርጉ። ዓይንና ዦሮ ለሰነፉም ለትጉሁም ተሰጥተዋል፤ ሁለቱን የሚለያቸው የሚያዩትንና የሚሰሙትን በልባቸው መመርመራቸው ነው። መምህሩ ሲናገር ልቡ በጨዋታ ያለ ልጅ ዦሮው ሳይደነቍር ደንቈሮ ይሆናል። ልቡን የሰበሰበ ግን ከትል እንኳ ይማራል። ደግሞም ሰው በሚወደው ነገር እጅግ በተመሰጠ ጊዜ፥ በእጁ የያዘው ጦር በባልንጀራው እግር ላይ እንዳይሆን ወደ ታች መመልከት ይገባዋል። የራሱን ቍስል ስለ በጎ ሥራ መታገሥ ትዕግሥት ነው፤ የሌላውን ቍስል አለማየት ግን ኋላ የሚያስለቅስ ነው።