ያለ ሳንቲም የተመለሰ ውለታ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትጓዙ መንገድ ላይ ማንኩሳ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የሚወርድ ሰው ከሌለ ሚኒባሱ እዚያ ብዙም አይቆምም። ግን ጎጃምን ረግጦ የማያውቅ ሰው እንኳ ስሟን ያውቃል፤ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ው በዛብህ አገር ናታ! ስሟን ያስጠራላት በብር አይደለም፤ ሐዲስ አለማየሁ በብዕራቸው ነው። ኪሴ ባዶ ነው፣ ለሰው ምን እሰጣለሁ ለምንል ወጣቶች የእሳቸው ሕይወት የሚነግረን ነገር አለ።

ሐዲስ የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። አባታቸው ካህን ነበሩ። በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ተማሩ።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ያ ትምህርት ቤት በምን ገንዘብ ነበር የሚሠራው? እኔ ኢኮኖሚክስ ነው የተማርኩት፤ ሒሳቡን ስሠራው ግራ ይገባኛል። የትምህርት ክፍያ የለም፣ ዶርም የለም፣ ካፌ የለም። ከቤቱ ርቆ የሚማር የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ በየደጁ በእመቤታችን ስም ይለምናል። የቤቱ እመቤት ከልጆቿ ድርሻ ላይ ቁራሽ እንጀራ ወይም እፍኝ ቆሎ ታወጣለች። የልጁን ስም አታውቅም፤ ነገ ምን እንደሚሆንም አታውቅም። ማታ ደግሞ ቀደም ያለው ተማሪ ጀማሪውን ያስጠናል። የአገራችን ትልቁ የትምህርት ሥርዓት ለዘመናት የቆመው በእነዚህ ስማቸው ባልተጻፈ ሰጪዎች ትከሻ ላይ ነው። ሐዲስም የዚያ ሥርዓት ልጅ ናቸው።

ከዚያ አዲስ አበባ ሄደው ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ። ተምረው ግን እዚያው አልቀሩም፤ ወደ ጎጃም ተመልሰው አስተማሪ ሆኑ። የተቀበሉትን ለተከታዩ ልጅ ማቀበል ጀመሩ ማለት ነው።

ጣሊያን ሲመጣ በራስ እምሩ ሥር ሆነው ዘመቱ። በኋላም ተማርከው ወደ ጣሊያን ተጋዙ፤ ፖንዛና ሊፓሪ በተባሉ ደሴቶች ጭምር ሰባት ዓመት ገደማ ታስረው ኖሩ። ነጻ ከወጡ በኋላ በኢየሩሳሌም ቆንስል፣ በለንደን አምባሳደር፣ የትምህርት ሚኒስትር፣ የፕላን ሚኒስትር ሆነው ሠርተዋል። በ1967 ዓ.ም. መባቻ ላይ ሥልጣን የያዘው ደርግ ጠቅላይ ሚኒስትር እንዲሆኑ ቢጠይቃቸው አልፈልግም አሉ።

ከዚህ ሁሉ ሹመት ግን ዛሬ ሰው የሚያስታውስላቸው የቱን ነው? በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ልብ ወለድ። ባለሥልጣኑ ሰውዬ ብዕር ሲያነሱ ዋና ሰው ያደረጉት የማንኩሳውን የድሃ ልጅ፣ የቆሎ ተማሪውን ነው። በልጅነቱ ቁራሽ የተሰጠው ሰው ለገጠሩ የመለሰው ውለታ ይህ ይመስለኛል፤ ማንም ልብ የማይለውን ሰው ልብ ብሎ ማየት።

መጽሐፉ ውስጥ ሌላም ነገር አለ። ፊታውራሪ መሸሻ ገበሬው በበዓል በበዓሉ ከሚያመጣው ላይ ሌላ እንዲጨምር ያስገድዱታል፤ ገበሬውም እምቢ ይላል። ያው በግና ያው ማር በፈቃድ ሲሰጥ ስጦታ ነው፤ በግዴታ ሲሆን ግን ዝርፊያ ነው። ለቆሎ ተማሪው ቁራሽ የምታወጣውን እናት ማንም አላስገደዳትም። ደግነትን ደግነት የሚያደርገው የዕቃው ዋጋ ሳይሆን ፈቃዱ ነው።

መጽሐፉ ራሱ ለሕዝብ የደረሰው በደግነት ነው ማለት ይቻላል። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ ማንበብ የማይችለውም መጽሐፍ መግዛት የማይችለውም ሰማው። ሬዲዮ ያለው ቤት በሩን ከፈተ፣ ጎረቤት ገብቶ ተቀመጠ። በር ለመክፈት ስንት ብር ይወጣል?

ሐዲስ በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ። እኛስ? ብር የለንም፣ እሺ። ግን ጊዜ አለን፣ ፊደል እናውቃለን፣ ስልክ መነካካት እንችላለን። ባንክ ቤት ወረፋ ላይ ፎርሙን ይዘው የሚቸገሩ አዛውንት አሉ፤ እንሙላላቸው። ከስልካቸው ላይ የልጃቸው መልእክት ጠፍቶባቸው የሚጨነቁ እናት አሉ፤ ረጋ ብለን እንፈልግላቸው። በዚህ ክፉ ጊዜ ከትምህርት ገበታ የራቀ የጎረቤት ልጅም አለ፤ በቀን አንድ ሰዓት እናስጠናው። ገጠር ያለን ደግሞ ደቦና ወንፈል አባቶቻችን ያወረሱን ነው፤ የታመመ ሰው ማሳ ሳይታጨድ አይደር።

ይህ ሁሉ የትም ሪፖርት ላይ አይገባም፤ የአገር ጠቅላላ ምርት ሲሰላም አይቆጠርም። ለቆሎ ተማሪ የተሰጠችው ቁራሽም አልተቆጠረችም ነበር። ዛሬ ፊደል የምታስቆጥሩት የጎረቤት ልጅ ነገ ማን እንደሚሆን አታውቁም። ያቺ የቤት እመቤትም አታውቅም ነበር፤ ግን ሰጠች።