ልዑል እስክንድር ደስታ

ሪር አድሚራል ልዑል እስክንድር ደስታ (ሐምሌ 30 ቀን 1926 – ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም.) የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ባሕር ኃይል ምክትል አዛዥ የነበሩ መኮንን ናቸው። በእናታቸው በኩል የቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ሲሆኑ፣ አባታቸው በጣሊያን ወረራ ዘመን በጠላት የተገደሉት ራስ ደስታ ዳምጠው ናቸው። ልዑል እስክንድር በ40 ዓመታቸው ያለ ፍርድ በደርግ ከተረሸኑት 60 ያህል ባለሥልጣናትና መኮንኖች አንዱ ነበሩ። አስከሬናቸው ከ17 ዓመት በላይ በእስር ቤት ግቢ በጅምላ መቃብር ውስጥ ቆይቶ በ1984 ዓ.ም. በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር አርፏል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ልደትና ቤተሰብ

ልዑል እስክንድር በ1926 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። እናታቸው ልዕልት ተናኘወርቅ የአፄ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን የመጀመሪያ ሴት ልጅ ናቸው። ልዕልት አይዳ፣ ልዕልት ሰብለ፣ ልዕልት ሶፍያና ልዕልት ሂሩት እህቶቻቸው ሲሆኑ ልጅ አምሃ ደስታ ደግሞ ወንድማቸው ነበሩ።

አባታቸው ራስ ደስታ እርሳቸው ከመወለዳቸው አንድ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ ልዩ መልእክተኛ ሆነው ወደ አሜሪካ ተጉዘው ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር ተገናኝተው ነበር። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን ስትወር ራስ ደስታ የደቡቡን ጦር እየመሩ ከጄኔራል ግራዚያኒ ሠራዊት ጋር ተዋጉ። አዲስ አበባ በጠላት እጅ ከወደቀች በኋላም በሲዳሞ በኩል መዋጋታቸውን አላቆሙም። በመጨረሻም ተይዘው የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ተረሸኑ። ያን ጊዜ ልዑል እስክንድር ገና ሦስት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። በአዲስ አበባ የሚገኘው ራስ ደስታ ዳምጠው መታሰቢያ ሆስፒታል በአባታቸው ስም የተሰየመ ነው።

ስደትና ትምህርት

አፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ፤ ከዚያም ኢንተርፕራይዝ በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወደ ሃይፋ አመሩ። የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ የስደቱን ዘመን በኢየሩሳሌምና በእንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ አሳለፈ። በባዝ ይኖሩበት የነበረው ፌርፊልድ የተባለ ቤት እስከ ዛሬ ይገኛል። ልዑል እስክንድርም የልጅነታቸውን የመጀመሪያ ዓመታት በስደት አደጉ።

ከነጻነት በኋላ በእንግሊዝ አገር በዌሊንግተን ኮሌጅ ተማሩ። ቀጥሎም የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንኖች ወደሚሠለጥኑበት ዳርትማውዝ ወደሚገኘው ብሪታኒያ ሮያል ኔቫል ኮሌጅ ገቡ። ከመሳፍንት ቤተሰብ የሚወለዱ ወጣቶች ወታደር መሆን ሲፈልጉ የምድር ጦርን ወይም ክብር ዘበኛን መምረጥ የተለመደ ነበር። በዚያ ጊዜ ግን ኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን ያጣችውን የባሕር በር ገና ማግኘቷ ስለነበር የባሕር ኃይል መኮንንነት ለአገሪቱ አዲስ ሙያ ነበር።

የባሕር ኃይሉ መቋቋም

ኤርትራ በመስከረም 1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትዋሐድ አገሪቱ በቀይ ባሕር ላይ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ጠረፍ፣ እንዲሁም የምጽዋንና የአሰብን ወደቦች አገኘች። በ1940ዎቹ መጨረሻ የጠረፍ ጥበቃ ክፍል ተቋቋመ፤ በ1950 ዓ.ም. ገደማም ራሱን የቻለ የባሕር ኃይል ሆነ። ክፍሉን በማደራጀትና በማሠልጠን የኖርዌይ መኮንኖች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው።

ዋናው የጦር ሰፈር የተቋቋመባት ምጽዋ ቀደም ሲል የጣሊያን የቀይ ባሕር ባሕር ኃይል መናኸሪያ ነበረች። ጣሊያን በሰኔ 1932 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ በዚያ 8 ሰርጓጅ መርከቦች ነበሯት። ከእነዚህ አንዱ በመቀሌ ከተማ ስም የተሰየመ ሲሆን ጦርነቱ በተጀመረ በቀናት ውስጥ ከባሕር ወለል ጋር ተጋጭቶ ጠፋ። ጋሊሌዮ ጋሊሌ የተባለው ደግሞ አዛዡ ከተገደሉ በኋላ በእንግሊዞች ተማረከ። ሰኔ ከማለቁ በፊት ከስምንቱ አራቱ ጠፍተው ነበር። የቀሩት አራቱ በ1933 ዓ.ም. አፍሪካን በደቡብ ዞረው ወደ ፈረንሳይ ወደብ ሸሹ፤ ምጽዋም ወዲያው በእንግሊዞች ተያዘች። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የተመሠረተው ይህ ሁሉ ባለፈበት ወደብ ላይ ቢሆንም የራሱ ሰርጓጅ መርከብ ኖሮት አያውቅም፤ ሥራው በአብዛኛው በጥበቃ ጀልባዎች ጠረፍን መጠበቅ ነበር።

በባሕር ኃይል ውስጥ

ልዑል እስክንድር ትምህርታቸውን ጨርሰው ከተመለሱ በኋላ በባሕር ኃይሉ ውስጥ በፍጥነት ከፍ ከፍ እያሉ ሄዱ። የሪር አድሚራልነት ማዕረግ አግኝተው በምክትል አዛዥነት አገልግለዋል። ለዚህ እድገታቸው የዳርትማውዝ ሥልጠናቸው ብቻ ሳይሆን የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ መሆናቸውም አስተዋጽኦ ነበረው። አዲስ ለተቋቋመው ኃይል ከዙፋኑ ጋር የሚያገናኝ መኮንን ማግኘት ጠቃሚ ነበር፤ በዙፋኑ ላይ ቁጣ በተነሣ ጊዜ ግን ይኸው ቅርበት ለልዑሉ አደጋ ሆነባቸው።

የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብ ኢትዮጵያ የተባለችው የማሠልጠኛ መርከብ ነበረች። ይህች መርከብ ቀደም ሲል ኦርካ በሚል ስም የአሜሪካ ባሕር ኃይል ንብረት የነበረች፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊሊፒንስ አካባቢ በባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ታገለግል የነበረች ናት። ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ ሲሆን በጥር 1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተሰጠች። ዕጩ መኮንኖች የባሕር ጉዞ ልምምዳቸውን የሚያደርጉት በእርሷ ነበር። በየዓመቱ በምጽዋ በሚከበረው የባሕር ኃይል ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ይገኙ ነበር፤ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካና የሶቪየት ኅብረት የጦር መርከቦችም በእንግድነት ይመጡ ነበር።

ልዑል እስክንድር ከባሕር ኃይል ሥራቸው ሌላ አያታቸውን በውጭ አገር ጉብኝቶች ያጅቡ ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1956 ዓ.ም. መጀመሪያ ፕሬዚዳንት ኬኔዲን ለመጎብኘት ወደ ዋሽንግተን ሲሄዱ ልዑል እስክንድርና እህታቸው ልዕልት ሂሩት አብረው ተጉዘዋል።

የ1966 ዓ.ም. አብዮት

በ1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሠፈሩ ወታደሮች በምግብና በውኃ ችግር ምክንያት አመፁ። አመፁ ወደ ሌሎች የጦር ክፍሎች ተዛምቶ በየካቲት ወር አሥመራ ደረሰ፤ በምጽዋ የነበሩት የባሕር ኃይል አባላትም ተቀላቀሉ። በየክፍሉ ታችኛው ማዕረግ ላይ ያሉ ወታደሮች አዛዦቻቸውን ማሰር ስለ ጀመሩ ልዑል እስክንድር ምጽዋን ለቀው ወደ ጅቡቲ ሄዱ። በኋላ ግን ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ።

ደርግ በቀጣዮቹ ወራት የንጉሠ ነገሥቱን ባለሥልጣናት አንድ በአንድ ማሰር ቀጠለ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ልዕልት ተናኘወርቅና ሴቶች ልጆቻቸው በዚያው ሰሞን ታሰሩ፤ ልዑል እስክንድርም ከእስረኞቹ መካከል ነበሩ።

አሟሟት

ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት 60 ያህል ሰዎች በአዲስ አበባ ማዕከላዊ እስር ቤት፣ በተለምዶ ከርቸሌ ወይም ዓለም በቃኝ በሚባለው ሥፍራ ተረሸኑ። ከእነርሱ መካከል የቀድሞዎቹ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድና ልጅ እንዳልካቸው መኮንን፣ ራስ አሥራተ ካሣ፣ ራስ መስፍን ስለሺ እና ሌተና ጄኔራል አቢይ አበበ ይገኛሉ። የደርጉ ሊቀ መንበር የነበሩት ሌተና ጄኔራል አማን አንዶም በዚያው ዕለት ቤታቸው ተከቦ በተኩስ ልውውጥ ሞቱ። ልዑል እስክንድር ከተገደሉት ሁሉ ለንጉሠ ነገሥቱ በሥጋ እጅግ የቀረቡት ነበሩ።

ለተረሸኑት ሰዎች ችሎት አልተሰየመላቸውም፤ የተከሰሱበትን ሰምተው መልስ የመስጠት ዕድልም አላገኙም። ደርግ በማግስቱ ግድያውን በሬዲዮ ሲያስታውቅ እርምጃው ፖለቲካዊ ውሳኔ መሆኑን ገለጸ። አስከሬኖቹ ለቤተሰብ አልተሰጡም፤ በእስር ቤቱ ግቢ በአንድ ጉድጓድ ተቀበሩ።

የቤተሰቡ እስርና የ1984ቱ ቀብር

በጦርነት ጊዜ መርከባቸው ሰጥሞ የጠፉ መርከበኞች መቃብር ስለሌላቸው ቤተሰቦቻቸው የሚያለቅሱበት ሥፍራ አያገኙም። ልዑል እስክንድር የሞቱት በባሕር ላይ ባይሆንም በቤተሰባቸው ላይ የደረሰው ይኸው ነበር። ልዕልት ተናኘወርቅ ቀደም ሲል የባለቤታቸውን የራስ ደስታን መገደል በስደት ሳሉ ሰምተው ነበር። የልጃቸው ሞት ሲደርስባቸው ደግሞ እስረኛ ነበሩ። እርሳቸውና አራቱ ሴቶች ልጆቻቸው በኋላ ወደ ከርቸሌ ተዛውረው እስከ ግንቦት 1980 ዓ.ም. ድረስ፣ ለ14 ዓመት ገደማ ታስረው ቆዩ። ስለዚህ እናትና እህቶች አብዛኛውን የእስር ዘመናቸውን ያሳለፉት ልዑሉ በተቀበሩበት ቅጥር ውስጥ ነው።

ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ የጅምላ መቃብሩ ተከፈተ። በ1984 ዓ.ም. የሟቾቹ አፅም ወጥቶ በአራት ኪሎ በሚገኘው ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ፍትሐት ተደርጎ ተቀበረ፤ በካቴድራሉ ቅጥርም መታሰቢያ ቆመላቸው። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምንና ሌሎች የደርግ ባለሥልጣናትን በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ሲላቸው የእነዚህ ሰዎች መገደል ከክሶቹ አንዱ ነበር። ልዕልት ተናኘወርቅ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐርፈዋል። ዓለም በቃኝ ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት አዲሱ የስብሰባ ማዕከል ተሠርቶ በጥር 2004 ዓ.ም. ተመረቀ።

ከእርሳቸው በኋላ ባሕር ኃይሉ

ልዑል እስክንድር ያገለገሉበት ባሕር ኃይል በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት መርከቦች ተስፋፋ። ነገር ግን በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሕዝባዊ ግንባር ሓርነት ኤርትራ ስትያዝ ዋና ሰፈሩን አጣ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባለችው መርከብና ሌሎች መርከቦች ወደ የመን ሸሹ፤ እርሷም በ1985 ዓ.ም. ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በዚያው ዓመት ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ የባሕር በር አልባ ሆነች፤ ባሕር ኃይሉም በ1988 ዓ.ም. ፈረሰ። መንግሥት ባሕር ኃይሉን እንደገና ለማቋቋም ወስኖ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የትብብር ስምምነት ተፈራርሟል። ልዑል እስክንድር በዚህ ታሪክ የሚታወሱት ከመጀመሪያው ትውልድ መኮንኖች አንዱ በመሆናቸው ነው።