አንድ እጅ የነበረው የከብት ሐኪምና የእኛ መዥገር

ሕግ የተማረ ሰው ስለ መዥገር ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም፡፡ በእኔ ሙያ ግን ከፍርድ በፊት የሚመጣው ማስረጃ ነው፡፡ ዛሬ ታሪኩን ላወጋችሁ የተነሳሁት ሰውም ዕድሜውን በሙሉ ማስረጃ ሲያሳድድ የኖረ የከብት ሐኪም ነው፡፡ ስሙ ሰር አርኖልድ ታይለር ይባላል፡፡ የእንስሳት ሐኪሞቻችን ሁሉ ያውቁታል፤ ታይለሪዮሲስ የሚባለው መዥገር ወለድ በሽታ መጠሪያውን ያገኘው ከእርሱ ነውና፡፡

ታይለር የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1867 በስዊዘርላንድ ፍሪክ በምትባል ቦታ ነው፡፡ አባቱ አስተማሪ ነበሩ፡፡ የእንስሳት ሕክምና ትምህርቱን ጨርሶ እ.ኤ.አ. በ1891 ያኔ የቦሮች ሪፐብሊክ ወደነበረችው ትራንስቫል ተሻገረ፡፡ በሙያው የሚያሠራው ስላላገኘ በአንድ እርሻ ላይ ተቀጠረ፤ እዚያም ግራ እጁን የእርሻ ማሽን ቆረጠው፡፡ ላምን ይዞ ደም መቅዳት፣ ጥጃ ማዋለድ፣ መርፌ መውጋት የዕለት ሥራው ለሆነ ወጣት ይህ ሙያውን የሚያስጥል አደጋ ነበር፡፡ እርሱ ግን አልተወውም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1893 በወርቅ ማዕድን ማውጫዎቹ ፈንጣጣ ሲነሳ ክትባቱን አዘጋጅቶ በማቅረቡ መንግሥት ዐወቀው፡፡

ቀጥሎ የመጣው መቅሰፍት ከእኛ ጋር ያዛምደዋል፡፡ በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ ክፉ ቀን የምንለውን ዘመን እንዳስከተለ እናውቃለን፡፡ የታሪክ ጸሐፊዎች ከአሥር ከብት ዘጠኙ አለቀ ብለው ይገምታሉ፡፡ በሬ ያጣው ገበሬ ማረስ አቃተው፤ ረሃቡ አገር ፈጀ፡፡ ያው በሽታ አፍሪካን አቋርጦ እ.ኤ.አ. በ1896 ደቡብ አፍሪካ ደረሰ፡፡ አንድ እጁን ያጣው ስዊዛዊም በመንግሥት የእንስሳት ሐኪምነት የተሾመው በዚያን ጊዜ ነው፡፡

ከቦር ጦርነት ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፡፡ እልቂቱን ለመተካት ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የተገዙ ከብቶች አዲስ በሽታ ይዘው ገቡ፡፡ ምክር የተጠየቀው የዘመኑ ታላቅ ሊቅ ሮበርት ኮክ ነበር፡፡ ኮክ እ.ኤ.አ. በ1903 ሮዴዥያ ሄዶ ቢመረምርም መጀመሪያ ላይ በሽታውን ከቀድሞው ደም ከሚያሸናው በሽታ ጋር አምታታው፤ ያቀረበው የመከላከያ መርፌም አልሠራም፡፡ ታይለር ተውሳኩ የተለየ መሆኑን አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ1904ም ስም አወጣለት፡፡ እርሱና የነፍሳት ተመራማሪው ቻርለስ ላውንስበሪ ባደረጓቸው ሙከራዎች በሽታውን የሚያዛምተው በከብት ጆሮ ላይ የሚጣበቀው ቡናማ መዥገር መሆኑ ተረጋገጠ፡፡

ከሥራዎቹ ሁሉ እኔን የሚማርከኝ ግን እ.ኤ.አ. በ1910 ያወጣው ነው፡፡ አሜሪካዊው ቲዮባልድ ስሚዝና ባልደረባው ኪልቦርን መዥገር በሽታ እንደሚያስተላልፍ እ.ኤ.አ. በ1893 ባሳተሙት ጥናት አስመስክረው ነበር፡፡ በታመሙት ከብቶች ቀይ የደም ሕዋስ ጠርዝ ላይ ያዩዋትን ጥቃቅን ነጥብ ግን የዚያው የባቤዥያ ተውሳክ አንድ የእድገት ደረጃ አድርገው ቆጠሯት፡፡ ታይለር ነጥቧ ራሷን የቻለች ሌላ በሽታ አምጪ መሆኗን አረጋገጠና አናፕላዝማ አላት፡፡ በአንድ ስም ሁለት ወንጀለኞች ተከስሰው ኖረዋል ማለት ነው፡፡

ይህ የሊቃውንት ክርክር ብቻ አይደለም፡፡ ለባቤዥያ ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል አናፕላዝማን የማያድን አለ፡፡ በሀይሌ ጋርመንትና በዙሪያው በጓሮ የወተት ላም ይዞ የሚተዳደር ሰው ላሚቱ ስታተኩስና ወተቷ ሲነጥፍ መድኃኒት ገዝቶ ያስወጋል፡፡ በየትኛው በሽታ? አብዛኛውን ጊዜ አልተመረመረም፡፡ የውጭ ዝርያ ያላት ላም ደግሞ ከአገሬዋ ይልቅ ለመዥገር ወለድ በሽታ የተጋለጠች ናት፡፡ ግምቱ ከሳተ ላሚቱም የመድኃኒቱ ገንዘብም ይሄዳሉ፡፡

ምርመራው ከታይለር ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው፡፡ ከጆሮ ሥር ጠብታ ደም ወስዶ በመስታወት ላይ ማሳሳት፣ ማቅለም፣ በማይክሮስኮፕ ማየት፡፡ ለታይለሪያ ካበጠው ንፍፊት ናሙና ይወሰዳል፡፡ በሽታውን ተሸክመው የዳኑ ከብቶች ግን ተውሳካቸው ጥቂት በመሆኑ ማይክሮስኮፕን ያመልጣሉ፤ ለእነርሱ የፀረ አካልና የዘረ መል ምርመራ ያስፈልጋል፡፡ ይህን መሰል ምርመራ የሚያካሂደው ብሔራዊ ተቋም ያለው እዚሁ አፍንጫችን ሥር ሰበታ ነው፡፡ የጎደለው ከጓሮው እስከ ሰበታ ያለው ድልድይ፣ ማለትም ማይክሮስኮፕና ባለሙያ ያለው የቅርብ ክሊኒክ ነው፡፡

የሕግ ሰው በመሆኔ አንድ ነገር ልጨምር፡፡ ታይለር ያገለገለው መንግሥት በሽታውን ለማጥፋት አጥር፣ የከብት ዝውውር ክልከላና የግዴታ መድኃኒት ማጥለቂያ ገንዳ ደነገገ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹም ተሳካለት፡፡ ይሁንና ሸክሙ የወደቀው ሳይጠየቁ በታዘዙት ጥቁር ገበሬዎች ላይ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1914 በምሥራቅ ግሪኳላንድ በገንዳዎቹ ሰበብ አመፅ ተነሳ፡፡ እኛም የእንስሳት በሽታዎችን ለመከላከልና ለመቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 267ን አውጥተናል፡፡ ያ በሽታ በኬንያና በደቡብ ሱዳን ከብት እየፈጀ ነውና የድንበር ቁጥጥር ቅንጦት አይደለም፡፡ አርብቶ አደሩ ግን ከብቱ ለምን እንደታገደበት የምርመራውን ውጤት ማየት አለበት፡፡ ያለማስረጃ የሚያግድ ሹም ሌሊት በጫካ የሚሻገር መንጋ ያተርፋል፡፡

ታይለር እ.ኤ.አ. በ1908 በፕሪቶሪያ አጠገብ የከፈተው የኦንደርስተፖርት ቤተ ሙከራ ዛሬም አለ፡፡ በ1914 የሰርነት ማዕረግ ተሰጠው፤ በ1920 የአገሪቱ የመጀመሪያ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ዲን ሆነ፤ በ1936 ለንደን ውስጥ አረፈ፡፡ ልጁ ገርትሩድ የአፍሪካን መዥገሮች በማጥናት ዕድሜዋን አሳለፈች፡፡ ወንድሟ ማክስ በቢጫ ወባ ላይ ባደረገው ምርምር በ1951 የኖቤል ሽልማት አገኘ፡፡ ከአሥር ዓመት በኋላ ያ ወረርሽኝ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በአሥር ሺዎች የሚገመት ሕዝብ ሲጨርስ ክትባቱ ከተገኘ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ ለሟቾቹ ግን በጊዜ አልደረሰም፡፡

የላቦራቶሪ ዕውቀትም እንዲሁ ነው፡፡ ሰበታ ላይ መኖሩ ብቻ ላም አያድንም፡፡ ክፍለ ከተሞቻችንና ወረዳዎቻችን ለእንስሳት ጤና በጀት ሲይዙ ከመድኃኒቱ መግዣ በፊት ለማይክሮስኮፑና ለባለሙያው ደመወዝ ያስቡ፡፡