ኒኮላይ ቫቪሎቭ
ኒኮላይ ቫቪሎቭ (1887–1943 እ.ኤ.አ.) የሩሲያ የዕፅዋትና የዘረመል ተመራማሪ ነበሩ። ረሃብን የሚቋቋሙ የተሻሉ ዝርያዎች የሚገኙት ገበሬው ጠብቆ ካቆየው ዘር ነው ብለው ስላመኑ፣ ከአምስት አህጉራት ዘር እየሰበሰቡ ሌኒንግራድ አከማቹ። በ1927 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንንን አነጋግረው፣ በበቅሎ እየተጓዙ ስንዴ፣ ገብስና ጤፍ ሰበሰቡ። በጽሑፎቻቸውም አገሪቱን ከዓለም የሰብል መገኛ ማዕከላት አንዷ አድርገው መድበዋታል።

የዘረመልን ሳይንስ የማይቀበሉት ትሮፊም ሊሴንኮ የስታሊንን ድጋፍ ካገኙ በኋላ ግን ቫቪሎቭ በ1940 እ.ኤ.አ. ታሰሩ። የሞት ፍርዳቸው ወደ 20 ዓመት እስራት ቢለወጥም፣ ረሃብን ለማጥፋት የደከሙት ሰው በ1943 እ.ኤ.አ. ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ ራሳቸው በረሃብ ተጎድተው ሞቱ። ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር በተከበበችበት ጊዜም ስብስቡን ይጠብቁ ከነበሩት ባልደረቦቻቸው አንዳንዶቹ፣ እጃቸው ላይ ያለውን ሩዝና ስንዴ ሳይነኩ በረሃብ አልቀዋል። ቫቪሎቭ በ1955 እ.ኤ.አ. ከክሱ ነፃ ተባሉ፤ ተቋሙም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።