ከአዳራሽ በፊት፤ የቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ሕይወት

በመካኒሳ አቦ ሠፈር ቤት ተከራይተን የምንኖር ጥቂት ተማሪዎች፣ ባለፈው መስከረም አንድ የቴአትርና የግጥም ማኅበር ለማቋቋም ተሰብስበን ነበር። ከመካከላችን የሚበዙት ከደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣ፣ ከወልድያና ከደብረ ታቦር የመጡ ስለ ሆኑ፣ ክረምት ሲገባ ወደየአገራቸው ተመልሰው በየከተማቸው እንዲህ ያለ ማኅበር እንዲያቆሙ ታስቦ ነበር። ስብሰባው ግን ብዙ አልቆየም። አንዱ አዳራሽ የለንም አለ፤ ሁለተኛው ገንዘብ የለንም አለ፤ ሦስተኛው ደግሞ በትንሽ ከተማ ማን ተመልካች ይመጣል ሲል ጠየቀ። በመጨረሻ ሌላ ቀጠሮ እንኳ ሳንይዝ ተለያየን።

ጥቅምት 5 ቀን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል ሆነና ወደ መካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን ወጣን። ካህናቱ በከበሮና በጸናጽል ያሸበሽባሉ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድ ዓይነት ልብስ ተሰልፈው ይዘምራሉ፤ እናቶች በእልልታ ይቀበላሉ። አዳራሹ ሜዳው ነው። መግቢያው አይከፈልበትም። ተመልካች የተባለውም ሰው ቆሞ የሚያይ ብቻ ሳይሆን፣ የሚያጨበጭብና ዜማውን የሚያነሣ ነው። ይህን ባየን ጊዜ፣ በስብሰባችን ላይ የተነሡት ሦስት ምክንያቶች ምን ያህል ይጸኑ ይሆን ብለን ራሳችንን ጠየቅን። የቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤን ሕይወት ለመጻፍ ያነሣሣንም ይኸው ጥያቄ ነው።

ዮፍታሔ የተወለዱት በ1880ዎቹ ዓመተ ምሕረት በጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ በምትገኘው በደብረ ኤልያስ ነው። ደብረ ኤልያስ በሕዝብ ብዛት ወይም በንግድ የታወቀች ከተማ አልነበረችም። የታወቀችው በቅኔ ትምህርቷ ነው። ፍቅር እስከ መቃብርን የደረሱት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ስፍራዎች አንዷ ይህችው ደብረ ኤልያስ ናት።

የቅኔ ቤት እንዴት ያለ እንደ ነበር ከአንባብያን ብዙዎቹ ከአባቶቻቸው ሰምተዋል፤ ቢሆንም ለነገራችን ስለሚያስፈልግ በአጭሩ እናንሣው። ተማሪው ከሩቅ አገር ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ይመጣል። ከመምህሩ ደጅ አጠገብ በሣር ጎጆ ያድራል። ጠዋት ወይም ማታ ከውሻ ጋር እየታገለ በየቤቱ ደጃፍ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ቁራሽ ይለምናል። ትምህርቱን የሚጀምረው ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ነው፤ ከዚያ ደረጃ በደረጃ እየወጣ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። ቅኔውን ለብቻው ዱር ገብቶ ይቆጥራል፤ ከዚያም በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ይነግራል። ሰሙ ከወርቁ ያልተስማማ፣ ዜማው የሰበረ እንደ ሆነ በዚያው ይታረማል። ያማረ ከሆነ ደግሞ ያን ዕለት ይደነቃል፤ በማግሥቱ ግን ያው ቅኔ ተመልሶ አይባልም። ሌላ አዲስ ማምጣት ግድ ነው።

እኛ ዛሬ የኪነ ጥበብ ማኅበር የምንለው ሁሉ በዚህ ቤት ውስጥ ነበረ። መምህሩ አዘጋጅ ነው፤ ጓደኛው ሐያሲ ነው፤ በዓሉ መድረክ ነው፤ ሕዝቡም ተመልካች ነው። ወጪውስ ከየት ይመጣ ነበር ቢባል፣ ቁራሹን የምትሰጠው ባልቴት ነበረች የምትከፍለው። እርስዋ ግዕዙን ባትሰማም የቅኔ ቤቱ እንዲኖር ታደርግ ነበር። ስለዚህ አንዲት ትንሽ ከተማ በመቶ የሚቆጠሩ ባለቅኔዎችን ስትመግብ የኖረችው ባለጠጋ ስለ ሆነች ሳይሆን፣ ነገሩን የራስዋ አድርጋ ስለ ያዘችው ነው።

ዮፍታሔ ከዚህ ቤት የወጡ ሰው ናቸው። ቀኝ ጌታ የሚለው መዓርጋቸውም የሚያስታውሰን ይህንኑ ነው። በማኅሌት ጊዜ መዘምራኑ በቀኝና በግራ ተከፍለው ሲቆሙ፣ በቀኝ በኩል ያሉትን የሚመራ ቀኝ ጌታ ይባላል። እንግዲህ መዓርጉ ራሱ ብቻውን ቆሞ የሚሠራ ሰው መዓርግ አይደለም፤ ወገን አሰልፎ፣ ከወዲያ ማዶ ለሚመጣው ዜማ መልስ የሚሰጥ ሰው መዓርግ ነው።

በኋላም ወደ አዲስ አበባ መጥተው በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት መምህር፣ ቆይተውም ዳይሬክተር ሆኑ። በዚያ ዘመን ቴአትር በአገራችን ገና እንግዳ ነበረ። አውሮፓ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ፋቡላ የተባለውን የአውሬዎች ኮሜዲያ ደርሰው፣ በከተማው ሆቴል ለመኳንንቱ አሳይተው ነበር። ጨዋታው አስተዳደሩን የሚነቅፍ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን መንግሥት ቴአትርን ከለከለ። በዚህ ምክንያት ነገሩ ለብዙ ዓመታት ተቀብሮ ቆየ። እንደገና ብቅ ያለውም ከሆቴል ሳይሆን ከተማሪ ቤት ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት መልአኩ በጎ ሰው፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ደግሞ ዮፍታሔ ተማሪዎቻቸውን እያሠለጠኑ ጨዋታ ማሳየት ጀመሩ።

እዚህ ላይ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ነገር አለ። ዮፍታሔ ሥልጡን ተዋናይ አልነበራቸውም፤ የነበሩዋቸው የትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። የሴቶቹን ክፍል ሳይቀር የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ። መድረክ ላይ ወጥቶ መዝፈን እንደ ውርደት በሚቆጠርበት፣ አዝማሪ የሚለው ቃል ስድብ በሆነበት ዘመን፣ ልጁን ለዚህ ሥራ የሚሰጥ ወላጅ ማግኘትም ቀላል አልነበረም። ቢሆንም መምህሩ የቅኔ ቤቱን ልማድ ወደ ክፍል አመጡት። ድርሰቱ በግጥም ነው፤ ግጥሙ ሰምና ወርቅ አለው፤ በየመካከሉ ተማሪዎቹ በኅብረት የሚያዜሙት መዝሙር ይገባል። ይህ አጻጻፍ ከፈረንጅ ቴአትር ጋር ሲነጻጸር ንግግሩ የበዛ፣ ድርጊቱ ያነሰ ነው ተብሎ ሊነቀፍ ይችላል። ነቀፌታው ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ተመልካቹ ሊከተለው የሚችለው፣ ጆሮው የለመደው ይህን ስለ ነበር፣ እንግዳው ቴአትር በአንድ ጊዜ የቤት ልጅ ሆነ።

ለዜማው ደግሞ ጥሩ ጓደኛ አገኙ። በ1916 ዓ.ም. አርባ አርመን የሙት ልጆች ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ፣ የሙዚቃ መምህራቸው ሆነው አብረው የመጡት ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። ከግፍ ያመለጡት የሙት ልጆች መምህርና ከደብረ ኤልያስ የመጡት የቅኔ ሰው አብረው ሠሩ። አንዱ ኖታ፣ ሌላው ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚያውቁ ነበሩ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተፈጸመው የዘውድ በዓል ዘመን፣ በተማሪ ቤቶች የሚታየው ጨዋታና መዝሙር ከፍ ያለ ስፍራ አገኘ። በዜማው ከናልባንዲያን፣ በቃሉም ከዮፍታሔ ስም ጋር ተያይዞ የሚነገረው የዘመኑ ብሔራዊ መዝሙርም እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ሲዘመር ኖሯል።

በድርሰቶቻቸው የሆዱን ነገር ብቻ የሚያስብን ሰው፣ አገሩን የሚረሳን ሹም፣ ትምህርትን የሚንቅን ወላጅ ይወቅሱ ነበር። የሕዝብ ጸጸት የተባለው ሥራቸው ከሚታወቁት አንዱ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ንጉሡን ማመስገን በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ብዙ ስፍራ ይዟል። የዛሬ ተማሪ ይህን ሲያነብ ቅር ሊለው ይችላል፤ እኛንም ቅር ብሎናል። ሆኖም ፋቡላ በተከለከለ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ ያለ ቤተ መንግሥት ፈቃድ አንድ መጋረጃ እንኳ የሚገለጥ አልነበረም። ሰምና ወርቅ የተማረ ሰው ከላይ ምስጋናውን፣ ከታች ምክሩን ማኖር ያውቅበታል።

የኢጣሊያ ወረራ በቀረበ ጊዜ፣ በ1927 ዓ.ም. በአቶ መኮንን ሀብተ ወልድ መሪነት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ስብሰባው በምኒልክ አደባባይ፣ ከሰማይ በታች ይደረግ ነበር። ሕዝቡን በንግግርና በግጥም ከሚያነሣሡት መካከል ዮፍታሔ ነበሩ። ዛሬ ታላቅ ቴአትር ቤት የሆነው ሀገር ፍቅር እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ መጀመሩን አንርሳ። በ1928 ዓ.ም. ጦሩ በማይጨው ከተፈታና አዲስ አበባ ከተያዘ በኋላ ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በስደትም ግጥም መጻፋቸውን አልተዉም፤ የአገር ናፍቆትና የአገር ውርደት የዚያን ጊዜ ግጥሞቻቸው ነገር ሆነ።

በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ተመልሶ እርሳቸውም ወደ አገራቸው ገቡ። ከዚያ በኋላ ከታዩት ሥራዎቻቸው የታወቀው አፋጀሽኝ ነው። ጠላት በአገር ሰው መካከል ያስገባውን መለያየትና የአርበኞቹን ትግል የሚያነሣ ድርሰት ነው። ስደተኛው፣ አርበኛውና ባንዳው በአንድ ከተማ ተቀላቅለው በሚኖሩበት ሰዓት ይህን ርእስ መንካት ድፍረት የሚጠይቅ ነበር። ዕድሜ ግን አላገኙም። በ1939 ዓ.ም.፣ ገና በሃምሳዎቹ ዕድሜ ሳሉ ዐረፉ።

ከድርሰቶቻቸው አብዛኞቹ በዘመናቸው አልታተሙም። እንደ ቅኔው ሁሉ በተባለበት ቀን ኖሮ፣ በማግሥቱ በሰሚው ልብ ብቻ የቀረው ብዙ ነው። ስማቸው ከመረሳት ከተረፈባቸው ምክንያቶች አንዱ ደግሞ እንደኛ ያለ ተማሪ ነው። ገጣሚው ዮሐንስ አድማሱ በዚያ ዘመኑ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የዮፍታሔን ሕይወትና ጽሑፍ አጥንቶ ጽፎ ባይተወው ኖሮ፣ ዛሬ ልንጽፍ የምንችለው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ በሆነ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልባችንን ይከነክነዋል። ደብረ ኤልያስ ዮፍታሔን መግባ አሳደገች፤ ቴአትራቸው የታየው ግን በአዲስ አበባ ነው። ይህ የእርሳቸው ብቻ ጥፋት አይደለም፤ የአገራችን ልማድ ነው። በደርግ ዘመን በየቀበሌውና በየአውራጃው የኪነት ጓዶች በተቋቋሙ ጊዜ፣ የባሕር ዳሩ ግሽ ዓባይ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የደሴው ላሊበላ ከፍ ያለ ዝና አገኙ። ማሪቱ ለገሠን የመሰለች ድምፃዊት የወጣችው ከወሎ ኪነት ነው። ከእነዚህ ጓዶች የተመረጡትም በ1980 ዓ.ም. በሕዝብ ለሕዝብ ጉዞ የውጭ አገር መድረክ ረገጡ። ነገር ግን ጓዶቹን የሚያቆማቸው የመንግሥት ትእዛዝና በጀት ስለ ነበር፣ መንግሥቱ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ብዙዎቹ አብረው ፈረሱ። ከየትናንሽ ከተሞች የወጣው ባለሙያም አብዛኛው አልተመለሰም። የቅኔ ቤት ግን በዚያው ዘመን ሁሉ አልፈረሰም። ልዩነቱ ምንድን ነው ብንል፣ አንዱን የሚያኖረው ደብዳቤ ነበር፤ ሌላውን የሚያኖረው ቁራሽ ነው።

ከዚህ ሕይወት የምንማረው እንግዲህ ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያው አዳራሽና ገንዘብ ከሥራው በኋላ የሚመጡ እንጂ ከሥራው በፊት የሚጠበቁ አለመሆናቸው ነው። ዮፍታሔ ከክፍል ልጆች፣ ሀገር ፍቅር ከአደባባይ ጀመሩ። ሁለተኛው በሕይወታቸው ሳይሆን በሕይወታቸው በጎደለው ነገር የምንማረው ነው። ይኸውም የተማረውን ይዞ ወደ መጋቢው ከተማ መመለስ ነው። ትንሽ ከተማ ተመልካች የላትም ያለው ወንድማችን፣ እርሱን ራሱን ለመስማት ስንት ዓመት ስትጠብቅ እንደ ኖረች አላሰበም።

ይህን ጽሑፍ ከጻፍን በኋላ ያን የተበተነ ስብሰባ እንደገና ጠርተናል። በመካኒሳ አቦ፣ ከተከራየንባቸው ቤቶች የአንዱ ግቢ ለመለማመጃ ይበቃል፤ አከራያችን እማማም ሰኞ ማታ እንድንጠቀምበት ፈቅደውልናል። የመጀመሪያው ሥራችን አጭር ይሆናል፤ ስሕተትም አይታጣበትም። እርማቱ በዚያው፣ በጓደኛ ፊት ይደረጋል። ክረምት ሲገባ ደግሞ የሞጣው ወደ ሞጣ፣ የወልድያው ወደ ወልድያ ይዞት ይሄዳል። ሌሎቻችሁም በየመጣችሁበት ከተማ እንዲሁ እንድታደርጉ በወንድምነት እንጠይቃለን።