ዐፄ ቴዎድሮስና የደባርቅ ደም

ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ካሣ ኃይሉ ነው። አባታቸው ገና በሕፃንነታቸው ስለ ሞቱባቸው በጎንደርና በጣና መካከል ወደ ነበረ ገዳም ለትምህርት ተሰጡ። ይህም ገዳም በመሳፍንት ጦር ተመትቶ አብረዋቸው ይማሩ በነበሩት ልጆች ላይ ግፍ ሲፈጸም፥ ካሣ አምልጠው ተረፉ። ዘመነ መሳፍንት ምን እንደ ሆነ ያወቁት ፊደል በቈጠሩበት ቦታ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በቋራ በረሃ ሸፈቱ፥ የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን አገቡ፥ መሳፍንቱንም በየተራ ድል አደረጉ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. የሰሜኑን ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው፥ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ነገሡ። ድል የሆኑትን ውቤን አሰሯቸው እንጂ አልገደሏቸውም። የጎጃሙን ብሩ ጎሹንም እንዲሁ አሰሩ፤ የሸዋውን ሕፃን ምኒልክንም ወስደው በቤተ መንግሥታቸው አሳደጉት።

ከንግሥናቸው መጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ስለ ገዳይ የደነገጉት ሕግ ነበረ። በቀድሞው ልማድ ነፍስ የገደለ ሰው ሲፈረድበት ለሟች ዘመዶች ተላልፎ ይሰጥ ነበር፤ ቢወዱ የደም ዋጋ ተቀብለው ይለቁታል፥ ባይወዱ በገዛ እጃቸው ይገድሉታል። ቴዎድሮስ ይህን አስቀርተው ገዳይ በአደባባይ በንጉሡ ሰዎች እጅ እንዲቀጣ አደረጉ። የሞት ቅጣት አልቀረም፤ ነገር ግን ሰይፉ ቂም ካለው ሰው እጅ ወጥቶ ቂም የለውም ወደ ተባለ ዳኛ እጅ ገባ። ንጉሥ የማንም ወገን ስላልሆነ ያለ ቍጣ ይፈርዳል ማለት ነው።

ይህ ሕግ የተፈተነው በሰሜን ነው። በ1852 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቆንስልና የንጉሡ ወዳጅ የነበረው ፕላውደን በጎንደር አጠገብ በጋረድ ሰዎች ቈስሎ ሞተ። ጋረድ የንጉሡ የሥጋ ዘመድ ሲሆን ሸፍቶ ነበር። ንጉሡ ዘመቱበት፤ በጥቅምት 1853 ዓ.ም. በተደረገው ውጊያ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ የተባለው እንግሊዛዊው ጆን ቤል ለጌታው ሲከላከል ወደቀ። ጋረድም በዚያው ሞተ። እንግዲህ ገዳዩ ከሞተ፥ በቀድሞው ልማድ እንኳ ቢሆን ደሙ ተመልሶ ነበር። ንጉሡ ግን ከጋረድ ሰዎች የተማረኩትን በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች በደባርቅ አስፈጇቸው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ንጉሡ አገር ለማቅናት ሌላ መንገድ አልነበራቸውም ይላሉ። ሽፍታ መንገድ ዘግቶ፥ ነጋዴ ተዘርፎ፥ ቆንስል ተገድሎ ዝም ቢባል ዘመነ መሳፍንት ይመለስ ነበር ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን በደባርቅ ሜዳ ከወደቁት ውስጥ ማን እንደ ገደለ፥ ማን ጌታውን ተከትሎ ብቻ እንደ ወጣ የጠየቀ ዳኛ አልነበረም። በዚያ ቀን ንጉሡ እንደ ሟች ወንድም ሆኑ፤ ከባላገሩ እጅ የነጠቁትን የደም መመለስ መብት ለራሳቸው ወሰዱት። ባላገሩ እንኳ ከአንድ ገዳይ በቀር አልተሰጠውም ነበር።

ከደባርቅ በኋላ መመለስ አልተቻለም። በጥር 1853 ዓ.ም. የውቤ ዘመድ ንጉሤ ሲያዝ እጁና እግሩ ተቈርጦ ሞተ። በ1860 ዓ.ም. በሰሞነ ሕማማት በመቅደላ እስረኞች ወደ ገደል ተጣሉ። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ለእንግሊዝ ጦር እጃቸውን ላለመስጠት ራሳቸውን ገደሉ። ለዚህ ጀግንነታቸው ሁላችንም እንኰራለን፤ ኵራታችን ግን የደባርቅን ሙታን ሊያስረሳን አይገባም።

ዛሬም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን የሞት ቅጣትን ይዟል፤ የአገሪቱ ርእሰ ብሔር ሳያጸድቀው ግን አይፈጸምም። ይህ ቀጠሮ የተደረገው ቍጣ እንዲበርድ፥ ስሕተትም ካለ እንዲታይ ነው። የደባርቅ ምርኮኞች አንዲት ሌሊት እንኳ ቀጠሮ ቢያገኙ ስንቱ በተረፈ! ቍጣው ከበረደ በኋላ ግን ሰውን መግደል ለምን እንደሚያስፈልግ የሚነግረን ማን ነው? ቅጣቱን የሚደግፉ ጓደኞቻችን መልስ ቢሰጡበት ደስ ይለናል።