ከደቀ መዝሙራቸው እጅ፤ የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ሕይወት

ከወልድያ ተነሥቶ መርሳን፣ ውርጌሳንና ውጫሌን እያለፈ ወደ ደሴ የሚወርድ መንገደኛ፣ ደሴ ሳይደርስ የሐይቅን ባሕር ያያል። በዚያ ባሕር ላይ ያለው ደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ቀድሞ ደሴት ነበረ፤ ዛሬ ውሃው ስለ ሸሸ ከየብሱ ጋር ተያይዟል። የሀብሩ ሰው ይህን ጎረቤቱን ገዳም በስሙ ያውቀዋል። ገዳሙን ትምህርት ቤት ያደረጉት አባት ግን ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበሩ ሲጠየቅ፣ ብዙው የሚመልሰው ነገሥታትን ያነገሡ፣ ቅዱሳንን ያስተማሩ ታላቅ ናቸው ብሎ ነው። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በሕይወታቸው ውስጥ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም ዝቅ ያሉበት ነው።

አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በዳኅና ተወለዱ። ገድላቸው እንደሚለው ወደ ምንኵስና የሄዱት ሠላሳ ዓመት ከሞላቸው በኋላ ነው። በትግራይ ወዳለው ወደ ደብረ ዳሞ ወጥተው በአበ ምኔቱ በአባ ዮሐኒ እግር ሥር ተቀመጡ። ሙሉ ሰው ከሆኑ በኋላ እንደ ሕፃን ተማሪ መታዘዝ ቀላል አይደለም፤ እርሳቸው ግን ሰባት ዓመት ታዘዙ፤ የመጽሐፍ ጽሕፈትንም በዚያ ተማሩ። ብራናውን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ይረዳል።

በ1240 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሐይቅ መጡ። ቤተ ክርስቲያኑ ከእርሳቸው በፊት የነበረ ነው፤ ትምህርቱን ግን ያስፋፉት እርሳቸው ናቸው። መጻሕፍት አስጻፉ፣ ሰበሰቡ፤ ከየአገሩ የመጡትን ተቀበሉ። ወደ 800 የሚደርሱ መነኮሳትን እንዳፈሩም ይነገራል። በጣና የዳጋ እስጢፋኖስን የመሠረቱት አባ ኂሩተ አምላክ ከእነዚህ አንዱ ናቸው። ከሁሉም ስማቸው የገነነው ግን ከሸዋ የመጡት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። እርሳቸውም ዐሥር ዓመት ያህል በሐይቅ ከመምህራቸው ጋር ከኖሩ በኋላ፣ መምህራቸው ወደ ተማሩበት ወደ ደብረ ዳሞ ተጓዙ።

እንግዲህ ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። የምንኵስና ልብስ ደረጃ አለው፤ ቅናት ይቀድማል፣ ቆብ ይከተላል፣ አስኬማም መጨረሻው ነው። በደብረ ሊባኖስ ወገን ያሉ መጻሕፍት እንደሚተርኩት፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ከዳሞ ሲወጡ ቆብና አስኬማውን አልተቀበሉም ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ግን በዳሞ ከአባ ዮሐኒ ሁሉንም ተቀብለው ወደ ሐይቅ ተመለሱ። በዚያን ጊዜ መምህሩ ከገዛ ደቀ መዝሙራቸው እጅ ቆብንና አስኬማን ተቀበሉ። ቅናት ያስታጠቁት እጅ አስኬማ ወደ ሰጣቸው እጅ ተዘረጋ፤ አባት ለልጁ ልጅ ሆነ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ነገር በችኮላ አትለፈው። መምህሩ ዝም ቢሉ ማን ይጠይቃቸው ነበር? በዙሪያቸው ያሉት ሁሉ ደቀ መዛሙርቶቻቸው ናቸው፤ የመምህሩን ጉድለት ለመቍጠር የሚደፍር አልነበረም። ስለዚህ መርማሪያቸው ራሳቸው ብቻ ነበሩ። ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን በጾም ወራት ኃጢአታችንን እንመረምራለን፤ ለንስሐ አባታችንም እንናገራለን። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ሰው በሚመሰገንበት ሥራ ውስጥ ምን እንደሚጐድለው ለመመርመር እምብዛም አይደፍርም። በቍጣው የሚጸጸት የአብነት መምህር፣ አንድ የዜማ ምልክት ቢጠፋው ከትናንት ተማሪው ለመጠየቅ ያፍራል። በወልድያም ሆነ በመርሳ ያለ አባወራ ለጎረቤቱ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ልጁ ትክክል እንደ ተናገረ ለማመን ግን ይከብደዋል። ምክንያቱም ኃጢአትን መናዘዝ ትሑት ያሰኛል፤ ጉድለትን ማመን ግን የተቀመጡበትን ወንበር የሚያስለቅቅ ይመስላል። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንበራቸውን አልለቀቁም። አስኬማውን ከተቀበሉም በኋላ መምህር እንደ ሆኑ ቆዩ፤ ከእርሳቸውም ለመማር የሚመጣው አልተቋረጠም። ጌታችንም በባሪያው በዮሐንስ እጅ ሲጠመቅ ከጌትነቱ አንዳች አልጐደለበትም።

ስለ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም አንድ ቃል ማለት ይገባል። ከመምህር በላይ በሆነ ማዕርግ ወደ መምህር መመለስ ፈተና ነው። ብዙ ሰው በዚህ ይወድቃል። እርሳቸው ግን የተቀበሉትን ይዘው ወደ ሌላ አገር ከመሄዳቸው አስቀድሞ ወደ አስተማራቸው ደጅ ተመለሱ።

የሚያሳዝነው የኋለኛው ዘመን ነገር ነው። በሐይቅ ወገን ያሉት ታሪኩን በሌላ መንገድ ይነግሩታል፤ አባታችን ማዕርጉን ሁሉ የተቀበሉት ከአባ ዮሐኒ ነው ይላሉ። የምንኵስና ትውልድ በሚቈጠርበት ጊዜ ማን የማን አባት ነው የሚለው ጥያቄ በሁለቱ ገዳማት ወገን ብዙ ክርክር አስነሣ። የሐይቁ አለቃ ዐቃቤ ሰዓት፣ የደብረ ሊባኖሱ አለቃ ደግሞ እጨጌ ይባል ስለ ነበር፣ ክርክሩ የክብርና የመቀመጫ ጉዳይም ነበረበት። እንግዲህ ተመልከት፤ ሁለት ቅዱሳን አንዱ ለሌላው ዝቅ ያሉበት ነገር፣ ለኋለኞች ማን ከፍ ይላል ለሚለው ሙግት ማስረጃ ሆነ። እኔ ከሁለቱ ወገን ለአንዱ ልፈርድ አልነሣም፤ ሁለቱ አባቶች በሕይወት ሳሉ ግን በዚህ ነገር የተከራከሩ አይመስለኝም።

በ1262 ዓ.ም. አፄ ይኩኖ አምላክ በነገሡ ጊዜ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ እንደ ረዷቸው፣ ንጉሡም የዐቃቤ ሰዓትነትን ማዕርግ ለሐይቅ እንደ ሰጡ በትውፊት ይነገራል። ማዕርጉ በቤተ መንግሥት ዘንድ ለብዙ ዘመን ከፍተኛ ሆኖ ኖሯል። እርሳቸው ግን ኑሯቸውን በደሴቲቱ ከመጻሕፍቱና ከተማሪዎቻቸው ጋር አደረጉ። በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት የአራቱ ወንጌላት መጽሐፍ እስከ ዘመናችን ደርሷል፤ በዳሞ ስለ ተማሩት ጽሕፈት ፍቅራቸው እንዳልቀዘቀዘ ከዚህ እንረዳለን። ወደ ሐይቅ ከመጡ አርባ አምስት ዓመት ሲሆናቸው፣ በ1286 ዓ.ም. ኅዳር 26 ቀን ዐረፉ፤ በዚያው በእስጢፋኖስ ደብርም ተቀበሩ።